የእንዳለ ሚስት

ባል የላትም። ነበራት፤ ሄደ፤ ስሙም እንዳለ አልነበረም። «የእንዳለ ሚስት» የሚለውን ቅጽል ያወጡላት እንደሷው በስልክ ጨረታ አሮጌ ዕቃ የሚገዙና የሚሸጡ የሙያ ጓደኞቿ ናቸው። እሷ ጨረታ ላይ የምታወጣው ዕቃ፣ ወንበርም ይሁን የስፌት መኪና፣ ከፎቶው ሥር የመጨረሻው ቃል «እንዳለ» ነው። እንዳለ ይሸጣል ማለቷ ነው። እግሩ ቢወላገድ፣ ቀለሙ ቢላላጥ፣ ቤት ወስደህ ስትሰካው ጭስ ቢተፋ የራስህ ጉዳይ፤ እንዳለ ብዬሃለሁ።

ቃሉን በነፃ አላገኘችውም። መጀመሪያ ሰሞን «ደህና ነው» ብላ የሸጠችው ማቀዝቀዣ ደጇ ድረስ ተመልሶ መጥቶባታል፤ የሚያለቅስ ገዢ፣ የሚሳደብ ገዢ፣ እናቱን ይዞ የሚመጣ ገዢ አይታለች። «እንዳለ» ብላ መጻፍ ከጀመረች ወዲህ ግን ከነገር ዳነች። እንደ ፊርማ ለብቻው ከሥር ስለምታስቀምጠው አንዱ ነገረኛ «ይሄ እንዳለ የሚባለው ሰውዬ ባልሽ ነው እንዴ?» ብሎ ቀለደ፤ ቅጽሉም በዚያው ተለጠፈባት። አልከፋትም። ከፊተኛው ባሏ ይልቅ ይሄኛው ይሻላል፣ ቢያንስ ከጭቅጭቅ ያወጣኛል ትል ነበር።

አባቷ ሰዓት ሠሪ ናቸው። ሱቃቸው የአንድ ፎቅ ደረጃ ሥር የተወሸቀች፣ ሰው ተቀምጦ እንጂ ቆሞ የማይሠራባት ክፍል ነበረች። ዓይናቸው እየደከመ ሲሄድ በመጀመሪያ የሴት ሰዓት መሥራት ተዉ፤ ቀጥሎ የወንድ፤ በመጨረሻ የግድግዳውንም። ከዚያ ልጃቸው ቤት ገቡ፤ ሱቋም ለባለ ፎቁ ልትመለስ ሆነ።

የቀረችው የሥራ ጠረጴዛቸው ነበረች። ብሎን እንዳይንከባለል ዙሪያዋ ከፍ ያለ ጠርዝ አላት፤ ግራና ቀኝ ትንንሽ መሳቢያዎች፣ ከሥር ደግሞ አንድ ሰፊ የሚቆለፍ መሳቢያ። ሽጫት አሏት፤ ጠረጴዛ ለዕውር ምን ይሠራለታል ብለው ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን ትተው የቁልፍ መያዣቸውን በእጇ ላይ አስቀመጡ።

«የታችኛዋን መሳቢያ ግን እንዳለች አምጪልኝ። የሰው አደራ ናት።»

ስለዚያች መሳቢያ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ለጥገና ተሰጥተው ባለቤታቸው ያልተመለሰላቸው ሰዓቶች ናቸው ያሉባት። አንዱ ባለቤት አገር ለቆ፣ አንዱ ረስቶ፣ አንዱ ሞቶ። ሌላው ሰዓት ሠሪ ዓመት ጠብቆ ይሸጣል፤ ማንም ምን አደረግህ አይለውም። እሳቸው ግን እያንዳንዷን በጨርቅ ጠቅልለው፣ የባለቤቷን ስም በወረቀት ጽፈው በክር አስረውባት ያኖራሉ። ለምን ሲባሉ «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይላሉ፤ ባለቤቱ ባይመጣ ልጁ ይመጣል።

ከሰዓቶቹ አንዱ የአንድ አውቶቡስ ሾፌር ነበር። ሾፌሩ ሰዓቱን ለጥገና በሰጠ ሰሞን ሞተ። ሚስቱ ልትወስደው መጥታ፣ መዳፏ ላይ ሲያስቀምጡላት ቀጭ ቀጭ ሲል ሰማችውና መልሳ ሰጠቻቸው። እቤት ሆኖ እንዲህ ሲል አልችለውም፣ ልቤ ሲጠና እመጣለሁ፣ እስከዚያ እርስዎ ጋ ይቀመጥ አለቻቸው። እሳቸውም ዓይናቸው እስኪያስቸግራቸው ድረስ እንዳይዝግባት እያወጡ ይሞሉት ነበር። ሌላ የሚኮሩበት ነገር የላቸውም፤ ቤት አልሠሩ፣ ገንዘብ አልያዙ። ስማቸው ብቻ ነው ያላቸው።

ልጅቷ ጠረጴዛዋን ፎቶ አነሳች፣ ገለጻዋን ጻፈች፣ እንደ ልማዷ ከሥር «እንዳለ» አለችበት። መሳቢያዋን በርክክቡ ዕለት ጠዋት ሄጄ አወጣታለሁ ብላ ቁልፉን ቦርሳዋ ውስጥ ጣለችው። ጨረታውን ያሸነፈው ማግኔቱ የሚሉት ነጋዴ ነው። ማግኔቱ የተባለው ያየው ብረታ ብረት ሁሉ እጁ ላይ ስለሚጣበቅ ነው።

በርክክቡ ዕለት ሌላ ሥራ ገጠማት። ከተማው ማዶ የሸጠችው ቁም ሳጥን ደረጃ መታጠፊያ ላይ ተቀርቅሮ ተሸካሚዎቹ ይጨቃጨቃሉ፤ እሷ በዚህ መሀል ስልኳ ላይ ሊዘጋ የደረሰ ጨረታ ትከታተላለች። የፎቁ ዘበኛ ደወለ። ሰዎች ጠረጴዛዋን ሊወስዱ መኪና ይዘው መጥተዋል፣ ከቀጠሮው ቀድመው ነው፣ ልስጣቸው ወይ አላት። ስጣቸው አለችው።

«ልጄ፣ ውስጧ የሚንኮሻኮሽ ነገር አለ። እሱንስ?»

«እንዳለ ነው፤ እንዳለ ስጣቸው» አለችና ዘጋችው።

ቃሉ ከሐሳቧ ቀድሞ ነው የወጣው። ስንት ጊዜ ጽፋዋለች፣ ስንት ጊዜ ለገዢ መልሳዋለች፤ ምላሷ ለምዶታል። የጠየቃት ዘበኛ ይሁን ገዢ እንኳ በቅጡ አልሰማችም። ቁም ሳጥኑ ወርዶ፣ ተሸካሚዎቹን ለመሸኘት ቦርሳዋን ስትከፍት የአባቷ ቁልፍ እጇ ላይ መጣ። በቀጥታ ወደ ማግኔቱ ገሰገሰች።

መጋዘኑ ድረስ ስትመጣበት ማግኔቱ አልሸሻትም። የዋጋ ወረቀት ከተለጠፈበት ወንበር አንዱን ስቦ አስቀመጣት፣ ውሃም አመጣላት። መሳቢያዋ ተሰብራ ተከፍታለች። ሰዓቶቹ ጨርቅ ላይ ተደርድረዋል፣ ወረቀታቸውም እንደታሰረ ነው። አደራ መሆናቸውን፣ የአባቷም እንዳልሆኑ፣ የገዛበትን ገንዘብ በሙሉ እንደምትመልስለት፣ ጠረጴዛዋንም እንደምትተውለት ነገረችው። እስክትጨርስ በትዕግሥት ሰማት።

«እህቴ፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ጽሑፉ ላይ እንዳለ ይላል። ዘበኛው ውስጧ ዕቃ አለ ሲልሽም እንዳለ ስጣቸው ብለሻል፣ አጠገቡ ቆሜ ሰምቻለሁ። እኔ ድሮ ሰው ሲያለቅስብኝ እመልስ ነበር። ይቺን ቃል ያስተማርሽን አንቺ ነሽ።»

ከፈለገች እንደማንኛውም ሰው ልትጫረት እንደምትችል ነግሮ ሸኛት። ለጨረታው ድርጅት አቤት አለች፤ ድርጅቱም ሻጭ በጻፈው ገለጻ ይገደዳል የሚል አጭር መልስ ላከላት። ያንን አንቀጽ ራሷ ለስንት ገዢ አንብባለታለች።

ለአባቷ መሳቢያዋን ቁም ሳጥን ላይ አስቀምጫታለሁ አለቻቸው። እሳቸውም ጎሽ ልጄ ብለው መረቁ፤ እጅሽ አይጠር፣ የአደራ ነገር በዘርሽ ይግባ አሏት። አንዳንዴ አምጪልኝና ልዳብሳቸው ይሏታል። ዛሬ እጄ ቆሽሿል፣ ነገ፣ ወንበር ላይ መውጣት ፈራሁ እያለች ታሳልፋለች። አባቷ አይጨቀጭቁም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባል የለ፣ እሷ ግን ዝም ባሏት ቁጥር ይብሳታል።

ሰዓቶቹ አንድ በአንድ ጨረታ ላይ መውጣት ጀመሩ። ማግኔቱ ብልጥ ነው፤ ወረቀቶቹን አልፈታም። «ከሰዓት ሠሪው የእጅ ጽሑፍ ጋር» ብሎ ለዋጋ ማስወደጃ አደረጋቸው። የአባቷ ፊደል፣ ያ ወደ ቀኝ ጋደል የሚለው፣ በየሰው ስልክ ላይ ዋለ። እሷ በሌላ ስም ገብታ ትጫረታለች። ጥቂቶቹን አሸነፈች፤ ወጥ ቤት የሩዝ ቆርቆሮ ውስጥ ደበቀቻቸው። ሌሎቹን የማታውቀው ሰው ወሰዳቸው።

የሾፌሩ ሰዓት የወጣ ዕለት አባቷ ሳሎን ተቀምጠው ሬዲዮ ያዳምጣሉ። እሷ ወጥ ቤት በሩን ገርበብ አድርጋ ስልኳ ላይ ተደፍታለች። ይሄንንስ አልለቀውም ብላ ነበር። ግን አንድ ሰው ይከተላታል። ትጨምራለች፣ ይጨምራል፤ ትጨምራለች፣ ይጨምራል። ማንን ነው እንዲህ የሰዓት ፍቅር የያዘው ብላ በሆዷ ረገመችው። ዋጋው አዲስ ሰዓት ከሚገዛበት አለፈ፤ የቤት ኪራዩ ላይ ደረሰ። ጣቷ አንዴ ተነሳ፣ ተመለሰ። አባቴ አያይ፤ ሴትዮዋም ይሄን ሁሉ ዘመን አልመጣች፤ አንድ ውሸት ብጨምር ከዚህ ይረክሳል ብላ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋችው። እውነትም ረከሰላት፣ ለጊዜው።

በዚያው ሰሞን አንድ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ስትከፍት አንዲት ነጠላ ጫማ ያደረገች፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ የያዘች ሴት ቆማለች። የሾፌሩ ሚስት ናት፤ ሰዓት ሠሪውን ላያቸው ብዬ ነው አለች። አባቷ ድምፁን ከሳሎን ሲሰሙ ለዩት። እንደምንም ተደግፈው ተነሱ፤ ፊታቸው በራ።

«እንኳን መጣሽ! ልብሽ ጠና ማለት ነው፤ እሰይ። ልጄ፣ መሳቢያዋን አምጪያት።»

ልጅቷ ካለችበት አልተንቀሳቀሰችም። ሴትየዋም ወደ እሷ አላየችም። ከቦርሳዋ በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አውጥታ በሽማግሌው መዳፍ ላይ አደረገችው። በጣታቸው ዳበሱት፤ መስተዋቱ ላይ ያለውን ጭረት፣ ተቆርጦ የተሰፋውን ማሰሪያ፣ የወረቀቱን ክር።

«ጋሼ፣ ይዤው መጥቻለሁ» አለች። «የእህቴ ልጅ ናት ስልክ ላይ ያየችው። ስሙ ተጽፎበት ሳይ የሞተ ዕለት የሆንኩትን ሆንኩ። ገዛሁት። አንድ የማያዝን ሰው እስከ መጨረሻ ሲጎትተኝ ነበር፣ እግዜር ይይለት። ለማንኛውም እጄ ገባ። አልተቀየምኩዎትም፤ ቢቸግርዎት እንጂ እርስዎ የሰው አደራ እንደማይነኩ አውቃለሁ። ብቻ ቸገረኝ ቢሉኝ ምን ነበረበት?»

ሬዲዮው የአየር ጠባይ ያወራል። ሽማግሌው ሰዓቱን እንደያዙ ፊታቸውን በቀስታ ልጃቸው ወዳለችበት አዞሩ። አያዩዋትም፤ ትንፋሿን ግን ይሰማሉ። ጠበቁ። እኔ ነኝ ለማለት የሚበቃ ጊዜ ነበራት፤ ከዚያም የሚተርፍ። ለገዢ መልስ አጥታ የማታውቀው ልጃቸው የመሬቱን ምንጣፍ ታያለች።

«ቸግሮኝ ነው» አሉ አባቷ። «ቸግሮኝ ነው እህቴ። ይቅር በይኝ።»

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አለች ሴትየዋ።

ብዙም አልቆየች። ስለ ጤናቸው ጠየቀች፣ ስለ ዓይናቸው አዘነች፣ የሚጠጣ ነገር ቢቀርብላትም አልጠጣም አለች። ልትወጣ ስትል ሰዓቱን ከመዳፋቸው ወሰደች። ከዚያ ማንም ያላያት መስሏት የተጣጠፈ ብር በተቀመጡበት ትራስ ሥር ሸጎጥ አደረገች። ልጅቷ አይታለች። ሽማግሌውም ሲንኮሻኮሽ ሰምተዋል፤ ጆሯቸው የሰዓት ሠሪ ጆሮ ነው። ደህና ሁኚ ሲሉ ድምፃቸው አልተቀየረም።

በሩ እንደተዘጋ ልጅቷ ጉልበታቸው ሥር ወደቀች። ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ቁልፉን፣ ዘበኛውን፣ ማግኔቱን፣ የሩዙን ቆርቆሮ። ያ የማያዝን ሰውም እሷ እንደነበረች ሳትደብቅ ተናገረች። ሆን ብላ እንዳልሆነ፣ ሥራ በዝቶባት፣ ቃሉ አምልጧት እንደሆነ ምላ ተገዘተች። ሄዳ ሴትየዋን አስቁማ እውነቱን ልትነግራት ብድግ አለች። እጇን ያዟት።

«ተዪያት። አንዴ ይቅር ብላለች፤ ደግማ አታዝን።»

ከትራሱ ሥር ያለውን ብር አልነኩትም። ከሱ ፈቀቅ ብለው ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ሬዲዮውን ዝጊው አሏት፤ ዘጋችው። ከዚያ ምን ብለሽ ነበር የሸጥሻት፣ ቃሉ ምን ነበር ብለው ጠየቋት።

«እንዳለ» አለች።

«እንዳለ» አሉ እሳቸውም፤ አንድ የላላ ብሎን እንደሚሞክሩ ቃሉን ቀስ ብለው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሞቼ ቢሆን ደግ ነበር፤ ሙት አይሰማም። እኔን ግን ልጄ፣ እንዳለሁ ነው የሸጥሽኝ።»