የግራኙ ልብስ ሰፊ መርዶ

ወይዘሮ ወለተሥላሴ ባላቸው ተስፋዓለም ለብሔራዊ ውትድርና ከአሰበ ተፈሪ ገበያ ተይዞ ከሄደ ወዲህ ጥቁር ለብሰው አያውቁም። መርዶ ላልመጣበት ሰው አላለቅስም አሉ፤ ደርግ ወድቆ የተረፈው ወታደር ወደየቤቱ ሲገባም፣ ከተማዋን ቺሮ ማለት ሲለመድም እንደዚያው ቀሩ። አንድ ልጃቸው ሽፈራው ግን ያደገው ‹‹አባትህ ሰሜን ሌላ አግብቶ ቀርቷል›› የሚል ወሬ እየሰማ ነው። የአባቱ ስም ሲነሳ ከቤት ይወጣል።

ስለዚህ ፍለጋው በሽፈራው ልጅ በቤርሳቤህ ላይ ወደቀ። በደሳ ከተማ ነርስ ሆና ከተመደበች ጀምሮ የዱሮ ወታደር ለሕክምና በመጣ ቁጥር ስለ አያቷ ሳትጠይቅ አትሸኝም። ተስፋዓለም የሚባል አውቃለሁ ያላት ግን አልነበረም።

ባለፈው ጥቅምት አብዱረዛቅ የሚባሉ የመቻራ ቡና ገበሬ የቆየ የእግር ቁስላቸው አመርቅዞ መጡ። ናቅፋ ግንባር እንደነበሩ ሲነግሯት እንደ ልማዷ ጠየቀች። ስሙን አላወቁትም። ልብስ ሰፊ እንደነበር፣ መቀስ የሚይዘውም በግራ እጁ እንደሆነ ስትጨምርላቸው ግን እግራቸውን ከእጇ ሳብ አደረጉ።

‹‹ግራኝን ነው እንዴ የምትዪው?››

እዚያ ማንም በስሙ አይጠራውም ኖሯል። ክርስቲያኑን ሰው ግራኝ ሲሉት ራሱም ይስቅ ነበር። የጓዶቹን ቡትቶ ሲጠቅም ይውላል። ጦሩ ከአፍዓበት ወደ ከረን ሲሸሽ አብዱረዛቅ እግራቸውን ተመቱ፤ ያዘላቸው እሱ ነው። በማግስቱ ውሃ ፍለጋ ሸለቆ ሲወርድ በጥይት ወደቀ። እሳቸውም እየተንፏቀቁ ደርሰው አፈር አለበሱት፤ ኋላ የሚሸሹ ወታደሮች አግኝተው አነሷቸው። አገር ሰላም ሲሆን አሰበ ተፈሪ መጥተው፣ ግራኝ የሚባል ልብስ ሰፊ ቤተሰብ ቢያፈላልጉ የሚያውቅ አጡ።

ቁስላቸው ሲደርቅ ቤርሳቤህ ቺሮ ወስዳ ከአያቷ ፊት አስቀመጠቻቸው። ወይዘሮ ወለተሥላሴ እስከ አሟሟቱ ድረስ አዳመጡ። ከዚያ ‹‹ማን ቀበረው?›› አሉ።

‹‹እኔ ነኝ፣ እትዬ። የናንተን ጸሎት አላውቅ፤ የማውቀውን ዱዓ አደረግሁለት።››

‹‹እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለአውሬ አልተውክብኝም።››

ሽፈራው ከበሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። ለመውጣት ዞር ካለ በኋላ ተመልሶ፣ አባቱ ስለ ቤቱ ያወራ እንደነበር ጠየቃቸው።

‹‹ስላንተ ነዋ›› አሉ አብዱረዛቅ። ‹‹ከተረፈ ካኪ ቁምጣ ሰፍቶልህ ነበር። ‘ዘንድሮ ይሄን ያህል ደርሷል’ ይልና በየዓመቱ ተርትሮ ያሰፋዋል።››

‹‹የት ደረሰ?››

‹‹ከኪሱ አላወጣሁትም። አብሮት ነው።››

ሽፈራው ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለና እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀ። ማንም ዝም በል አላለውም። እናቱ ተነስተው ጎረቤት ጥቁር ቀሚስ እንዲያውሳቸው ላኩ፤ ሲመሽ ቤቱ በለቀስተኛ ተሞላ።

ፍትሐቱ በሳምንቱ ተደረገ። ሽፈራው ለእስላም ጎረቤቶች የሚሆነውን ወጠጤ ለብቻ ገዝቶ አብዱረዛቅን አሳረዳቸው። ምሳ ሲቀርብም ከሳቸው አጠገብ ተቀምጦ፣ አባቱ ቁመቱ ምን ያህል እንደነበር፣ ሲናደድ ምን እንደሚል፣ ምን ምግብ እንደሚወድ ሲጠይቅ ዋለ።