የአራሚው ወንበር

በመዝገበ ቃላት ቤቱ እርማት የሚሠራው በጥንድ ነው። አንዱ የተተየበውን ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሌላው ዋናውን ይዞ ይከታተላል። ልክ ከሆነ በእርሳሱ ጠረጴዛውን አንዴ ኳ ያደርጋል፤ ስህተት ካለ ሁለቴ። አንባቢዋ ልጅ፣ አራሚው አባቷ ነበሩ።

አባቷ ሞቱ። እሷ ተቀምጦ ማልቀስ አይሆንላትምና ቶሎ ወደ ሥራዋ ተመልሳ ለወንበራቸው ማንበብ ጀመረች። ኳኳታው መጣ። መጀመሪያ የጣሪያው ቆርቆሮ መስሏት ነበር። ቆርቆሮ ግን የፊደል ግድፈት አያውቅም። ለማንም አልተናገረችም፤ ዲግሪ ይዞ እንዲህ ማለት መሳቂያ ያደርጋል።

የአለቃዋ ትዕግሥት ግን አለቀ። «አንቺ ልጅ፣ ለብቻሽ አንብበሽ ለብቻሽ ስትሰሚ ሰው ምን ይላል? ወንበሩ ባዶ ነው። ዛሬ ሰው ካላስቀመጥሽበት ሥራውን ለሌላ ክፍል እሰጠዋለሁ» ብለው አንዲት አዲስ ተቀጣሪ አስገቡባት።

«እዚያ አይደለም! በርጩማው ላይ» አለች አንባቢዋ፣ አዲሷ ልጅ ወደ ወንበሩ ስታመራ።

«ተይዟል እንዴ፣ እትዬ?»

«እትዬ አትበይኝ፤ ብበልጥሽ በሁለት ዓመት ነው። አዎ፣ ተይዟል።»

ሰው ከተቀመጠበት ኳኳታው እንደሚጠፋ ልቧ ነግሯታል። ከአባቷ የቀራት ደግሞ እሱ ብቻ ነው።

ተራው «ኤምፕቲ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ነበር። «ባዶ፤ በውስጡ ምንም የሌለው። ለቤት፣ ሰው የማይኖርበት። ለንግግር፣ ፍሬ የሌለው...»

ኳ፣ ኳ።

«ምን አገኘሽ?»

«እኔ?» አለች ልጅቷ። «እርሳሴ እኮ ጆሮዬ ላይ ናት።»

ሁለቱም ወደ ወንበሩ ዞሩ። አንባቢዋ ዋናውን ነጥቃ አየች። የቃሉ መነሻ የተጻፈበት መስመር ሲተየብ ተዘሏል። ቃሉ ጥንት ለሰውም ይነገር ነበር፦ ሥራ ያልያዘው፣ ጊዜው የራሱ የሆነ፣ ያላገባ። የወጣውም ዕረፍት ከሚል ቃል ነው።

«ያላገባ?» አለች ልጅቷ፣ ለመሳቅ እየሞከረች። «አግቢ አግቢ የምትለኝ አክስቴ እንዳትሰማ! እንግሊዞቹም ከእኔ ጋር ናቸው ነው የምትለው።»

አንባቢዋ አልሳቀችም። ዓይኗ «ዕረፍት» ላይ ተተክሎ ቀረ። አባቷ ይረፉ በተባሉ ቁጥር «ይቺን ገጽ ልጨርስ» ይሉ ነበር። እሷም ይኸው በየቀኑ ሌላ ገጽ ታነብላቸዋለች። ሰውዬው ሞተውም ጡረታ አልወጡም።

«አባዬ» አለች፣ ልጅቷን ሳታፍር። «ገጹ አልቋል። በቃ፣ ይረፉ።» ከዚያ ወንበሩን ስባ አወጣች። «ነይ ተቀመጪ።»

«እኔ? ሙት ላይ?»

«ወንበር ላይ። ተቀመጪ አልኩሽ!»

ልጅቷ እሾህ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ጫፉ ላይ ሰፈረች። አንባቢዋ የተዘለለውን መስመር ጨምራ እንደገና አነበበችና ጆሮዋን አቆመች። ጭጭ። ጠበቀች። አሁንም ጭጭ።

በመጨረሻ ልጅቷ እርሳሷን ከጆሮዋ አውርዳ፣ ፈራ ተባ እያለች፣ ጠረጴዛውን አንዴ ነካ አደረገችው።

«ጠንከር አድርጊው፤ አይሰማም» አለቻትና ገጹን ገለጠች።