ቁራው በይስማው ባጃጅ ላይ

ሀሚዳ ሰቆጣ ውስጥ ታፔላ በመጻፍ ትተዳደራለች። ከአባቷ የጨርቅ ሱቅ ጀርባ ያለችው ክፍል፣ ድሮ ጣቃ ይደረደርባት የነበረችው፣ አሁን በቀለም ቆርቆሮና በማቅጠኛ አኳራጅ ጠርሙስ ተሞልታለች። ጦርነቱ ካለፈ ወዲህ የተዘጋ ሱቅ የሚከፍት፣ የፈረሰ በር የሚያድስ ሰው ስለበዛ ሥራ አላጣችም። ጠዋት የፀጉር ቤት ስም ስትጽፍ ታረፍዳለች፤ ከሰዓት የሥጋ ቤት በር ላይ በሬ ትስላለች። የምትስለው በሬ ደግሞ ዝም ብሎ በሬ አይደለም። አንድ ቀንዱ የተሰበረ ወይም ግንባሩ ቦቃ የሆነ፣ ገበያ ላይ አይታ ልብ ያለችው በሬ ነው። «ይሄ የእገሌ በሬ አይደለም እንዴ?» ብሎ የሚቆም መንገደኛ አይጠፋም።

አባቷ ዓሊዬ ሱቁን ለወንድሟ ካስረከቡ ቆይተዋል። ደጃፍ ላይ ወንበር አውጥተው ፀሐይ እየሞቁ ይውላሉ፤ ልጃቸው አዲስ ሥዕል ይዛ ስትወጣ ግን መነጽራቸውን አድርገው ሳያዩ አያሳልፏትም። ብዙ አይናገሩም። «እግሩ ረዘመ» ካሉ በእርግጥ ረዝሟል።

ሱብሒ ከሰገደች በኋላ፣ ከተማው ሳይንጫጫ፣ ሀሚዳ ከቤቶቹ በታች ወዳለው ገደል መውረድ ትወዳለች። አፋፉ ላይ ያረጀ ወይራ አለ። ከሥሩ ተቀምጣ የካርቶን ቁራጭ ጉልበቷ ላይ አድርጋ በእርሳስ ትሞነጫጭራለች። ቄራው ቅርብ ስለሆነ ቁራ አይጠፋም። ያን ሰሞን ጥር ነበር፤ ከወይራው ማዶ ባለው የገደል ስንጥቅ ውስጥ ሁለት ቁራዎች ጎጆ ይሠሩ ነበር። ቁራዎቹ ያገራችን ቁራዎች ናቸው፤ ምንቃራቸው እንደ መጥረቢያ የወፈረ፣ ማጅራታቸው ላይ ነጭ ምልክት ያለባቸው። ሀሚዳ መጀመሪያ ጥቁር መስለዋት ነበር። ደጋግማ ስታያቸው ግን ጥቁር አለመሆናቸው ገባት። ፀሐይ ስትወጣ ክንፋቸው ሰማያዊ ይሆናል፣ ሲዞሩ ወይን ጠጅ ይሆናል፣ ጥላ ውስጥ ሲገቡ ደግሞ ቡና ይመስላል። ከሱቅ የሚገዛው ጥቁር ቀለም ብቻውን ሲቀባ እንደ ጎማ ሙት ነው። ስለዚህ ቤት ገብታ ሰማያዊና ጥቂት ቀይ እየጨመረች ስትሞክር ሰነበተች፤ ያሰበችው ጥቁር ሲመጣላት ብቻዋን ሳቀች።

ይስማው የመጣው ልክ በዚያ ሰሞን ነው። የሰፈሯ ልጅ ነው፤ አብረው ተምረዋል። ያገለገለ ባጃጅ ገዝቶ፣ አሳጥቦና አስቀብቶ፣ የኋላው ላሜራ ባዶ ሆኖበት ነበር።

«ሥዕል ሳዪልኝ» አላት።

«ምን ልሳልልህ? አንበሳ?»

«አንበሳ ሞልቷል። ንስርም ሞልቷል። አንዱ እንዲያውም ኳስ ተጫዋች አስሎ ፊቱን ማንም አላወቀለትም። ማንም ያላሳለው ይሁን። አንቺ የፈለግሽውን።»

ሀሚዳ እንዲህ የሚላት ሰው አግኝታ አታውቅም ነበር። ሰው ሁሉ ስልኩን ከፍቶ «እንዲህ ያለ» ነው የሚላት። ባጃጁን ግቢ ውስጥ አስገብታ ቁራውን ሳለችው፤ ከአፋፉ ተነሥቶ ገደሉ ላይ ክንፉን ዘርግቶ ሲሄድ፣ ከኋላ የታየ፣ ማጅራቱ ላይ ያለው ነጭ እንደ ጨረቃ ቁራጭ የሚያበራ። ከሥሩ የታጨደ የገብስ ማሳና ቀይ አፈር አደረገችበት። አባቷ መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት። «ይሄስ ይበራል» አሉ። ይስማውም ወደደው። ባጃጁን ወደ ገበያው ሲነዳ በመስታወት የኋላውን ማየት ባለመቻሉ እንደቆጨው ነግሯታል።

ነገሩ የተበላሸው በገበያ ቀን ነው። ይስማው ሰው ብቻ ሳይሆን ዕቃም ያመላልሳል፤ ነጋዴዎቹ ከመጋዘን ወደ ሱቅ፣ ከሱቅ ወደ መናኸሪያ ይልኩታል። እትዬ ሀዲያ የሚባሉ የስኳርና የሳሙና ነጋዴ ዕቃቸውን አስጭነው ሊልኩት ሲሉ ከኋላ ያለውን ሥዕል አዩና እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ።

«ይስማው፣ አንተስ የቁራ መልእክተኛ ልትሆን ነው? ኖኅ ልኮት ሳይመለስ የቀረውን አስለህ ዕቃዎን ያምጡ ትለኛለህ?»

በዙሪያቸው የነበረው ሁሉ ሳቀ። እሳቸውም ለሳቅ ነው ያሉት፤ ዕቃውንም ጫኑለት። ይስማው ግን ክፉ ዕድል ሆኖበት መንገድ ላይ ጎማ ተነፈሰበትና አረፈደ። ሲደርስ ወሬው ቀድሞት ደርሷል። «ቁራው ተመለሰ እንዴ?» ይለዋል አንዱ። «እኔስ እርግብ ያለበትን ባጃጅ ብጠብቅ ይሻለኛል» ይላል ሌላው። ቀልዱ ሰነበተ። የሰነበተ ቀልድ ደግሞ ግማሹ እውነት ይሆናል፤ ቸኩሎ ዕቃ የሚልክ ሰው ሳያስበው ሌላውን ባጃጅ መጥራት ጀመረ።

ይስማው ፊቱን አጥቁሮ ወደ ሀሚዳ ግቢ ገባ።

«አጥፊልኝ» አላት። «ንስር አድርጊበት። የሥዕሉ ነገር አይደለም፣ ሥዕሉ ቆንጆ ነው። ግን ሥራዬን ነካው።»

ሀሚዳን ቅር አላት። ቅር ማለቷን ግን አላሳየችውም፤ ባጃጁ የእሱ ነው፣ እንጀራውም ነው። የብርጭቆ ወረቀት አንሥታ ላሜራው አጠገብ ቁጢጥ አለች። ከዚያ እጇ እንቢ አላት።

«አጠፋዋለሁ» አለችው። «ግን ከማጥፋቴ በፊት ነገ ጠዋት አንድ ቦታ ውሰደኝ። ሩቅ አይደለም።»

በማግስቱ ፀሐይ ስትወጣ አባቷም «እኔም እሄዳለሁ» ብለው ከዘራቸውን ይዘው ባጃጁ ውስጥ ገቡ። እዚያ ገደል ድረስ በእግራቸው መውረድ ካቆሙ ቆይተው ነበርና የሽርሽር ያህል ደስ ብሏቸዋል። ሦስቱም ወይራው ሥር ተቀመጡ። ብርድ ነበር፤ ከገደሉ ማዶ ያለው የገብስ አውድማ ላይ ጭድ በነፋስ ይንከባለላል። ይስማው ጋቢውን ተከናንቦ ሰዓቱን ያያል።

«ምንድነው የምናየው?»

«ያንን ስንጥቅ እይ። ሴቷ ውስጥ ናት። ወንዱ አሁን ይሄዳል።»

ወንዱ ቁራ ተነሥቶ ሄደ። ይስማው «ይኸው፣ ሄደ» አለ፣ ክሱ እንደተረጋገጠለት ሰው። ጥቂት ቆይቶ ቁራው ከበጎች የተነቀለ የሱፍ ቡጭቅ በምንቃሩ ይዞ መጣ። ስንጥቁ ውስጥ ገባ፣ ወጣ፣ ደግሞ ሄደ። ደግሞ መጣ፤ አሁን ጭራሮ ይዟል። ጭራሮው ረጅም ስለነበር በወርዱ አልገባ አለው። ቁራው አረፈ፣ ጭራሮውን አስቀመጠ፣ ጫፉን ይዞ በቁመቱ አስገባው። ይስማው ሳያስበው ከተቀመጠበት ብድግ አለ።

«አየኸው?» አለ ለራሱ። ከዚያ ሰዓቱን ማየት ተወ። ቁራው በሄደ ቁጥር አንገቱን አስግጎ ይጠብቃል፤ ሲመለስ «መጣ» ይላል።

ዓሊዬ ከዘራቸው ላይ አገጫቸውን አሳርፈው «ቁራ እኮ አስተማሪ ነው» አሉ። «ቃቢል ወንድሙን ገድሎ ሬሳውን የሚያደርግበት ሲያጣ፣ አፈር ጭሮ መቅበርን ያሳየው ቁራ ነው።»

ይስማው ትንሽ አሰበና «ጋሽ ዓሊዬ፣ ይሄንንስ ለተሳፋሪ ባልነግር ይሻላል» አለ። ሽማግሌው እስኪያስላቸው ሳቁ።

ሲመለሱ መሪጌታ ገብረ አምላክን መንገድ ላይ አገኟቸው። መሪጌታ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ከቅዳሴ ወጥተው በዝግታ ወደ ቤታቸው እየሄዱ ነበር። ይስማው ባጃጁን አቁሞ «ይግቡ መሪጌታ፣ ላድርስዎት» አላቸው። እሳቸው ግን ከመግባታቸው በፊት ዞረው የኋላውን አዩ። ቀልዱን እሳቸውም ሰምተዋል።

«ያ ቁራ ይሄ ነው?» አሉ።

«አዎ፣ ሊጠፋ ነው» አላቸው ይስማው። «የኖኅ ቁራ ነው ብለው ሰው አስቸገረኝ።»

«ቁራ የኖኅ ብቻ ነው ያለው ማነው? በረሃቡ ዘመን ነቢዩ ኤልያስ በፈፋው ዳር ተቀምጦ ሳለ ጠዋትና ማታ ማን መገበው? ቁራ አይደለም?» ጠጋ ብለው አዩት። ቆይተው ወደ ሀሚዳ ዞሩ። «ልጄ፣ እጅሽ መልካም ነው። አንድ ነገር ልበልሽ፣ አትቀየሚኝ?»

«ኧረ ይበሉኝ መሪጌታ።»

«ይሄ ቁራ ጀርባውን ሰጥቶናል። አፉም ባዶ ነው። ሰው የኖኅን ቁራ ያየበት ስለዚህ ይመስለኛል። የሚሄድ ነው የሳልሽው።»

ሀሚዳ ሥዕሉን እንደ አዲስ አየችው። እውነታቸውን ነው። ማጅራቱ ላይ ያለውን ነጭ ስለወደደች ከኋላ ሳለችው፤ ተሳፋሪ ግን ነጩን አያይም፣ የሚሄድ ወፍ ነው የሚያየው። አላፈረችም፣ ደስ አላት። አንድ ሰው ሥራዋን እንዲህ ቆሞ አንብቦላት አያውቅም።

«ንስሩ ይቅር» አለችው ይስማውን። «ጥቂት ጊዜ ስጠኝ። ሲመጣ እስለዋለሁ።»

ይስማው መሪጌታን አየ፣ ሽማግሌውን አየ። «እሺ» አለ። «ግን የሚመለስ ይሁን።»

የሚመጣ ወፍ መሳል ከባድ ነው። የሚሄደው ክንፉን ዘርግቶ ያሳይሻል፤ የሚመጣው ግን ምንቃሩና ደረቱ ብቻ ይታያል፣ ቀጥሎ ደግሞ ዓይን ሳይከተለው አርፏል። ሀሚዳ ጠዋት ጠዋት ወይራው ሥር እየተቀመጠች ካርቶን አበላሸች። አንዴ ዶሮ መሰለባት፣ አንዴ ጃንጥላ። በመጨረሻ አንድ ጠዋት ነፋሱ ከገደሉ ሥር ወደ ላይ ይነፍስ ነበርና ቁራው ሊያርፍ ሲል ተንሳፍፎ ቆመ፤ ክንፉ ወደ ኋላ ተለጥጦ፣ እግሮቹ ወደ ፊት ተዘርግተው፣ ጅራቱ እንደ ማራገቢያ ተከፍቶ። አንዲት ቅጽበት ናት። ሀሚዳ እርሳሱን አላነሣችም፤ ዓይኗን ጨፍና ያየችውን ያዘችው፣ ከዚያ ሳለችው።

አንድ ችግር ቀረ። ከፊት ሲታይ የማጅራቱ ነጭ የለም። ያለዚያ ነጭ ደግሞ ያ ቁራ ያ ቁራ አይሆንላትም። ቤት ገብታ ለአባቷ ነገረቻቸው።

«ሚስቱስ?» አሉ ዓሊዬ።

«ምን ሚስቱ?»

«ጎጆው ውስጥ ናት አላልሽም? እሱን የምታየው እሷ ናት። ጀርባዋን ለእኛ ትሰጣለቻ።»

ሀሚዳ የአባቷን እጅ ሳመች፤ አሮጌውን ሥዕል በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጋ አዲሱን ጀመረች። ከታች ከገደሉ ስንጥቅ ሴቷ ቁራ አንገቷን ብቅ አድርጋ፣ ነጩ ማጅራቷ ወደ ተመልካቹ ሆኖ ትጠብቃለች። ከላይ ወንዱ ክንፉን ለጥጦ እየመጣ ነው፤ አፉ ውስጥ ቁራሽ ዳቦ አለ። ከበስተጀርባ የጠዋቱ ሰማይ ነው፣ ሰማያዊ ሳይሆን ያ ፀሐይ ልትወጣ ስትል የሚታየው የበሰለ የበለስ ቀለም።

በሚቀጥለው ገበያ ይስማው ባጃጁን ሆን ብሎ እትዬ ሀዲያ ሱቅ ፊት ለፊት ጀርባውን ሰጥቶ አቆመው። እትዬ ሀዲያ ወጥተው አዩት። ቀረብ ብለው ዳቦውን በጣታቸው ነኩት፣ ቀለሙ ደርቋል።

«ይሄኛው ገብቶታል» አሉ። «ሚስት ያለው ይመለሳል። በል ሳሙናውን ጫን።»

ቀልዱ አልቀረም፤ ዛሬም ድረስ «ይስማው ቁራው» ነው የሚሉት። አሁን ግን ስልክ ደውለው «ቁራውን ላክልኝ» ሲሉ እሱን መጥራታቸው ነው፣ እሱም «መጣሁ» ብሎ ይመልሳል። መሪጌታ ገብረ አምላክ ሲያዩት ባጃጁን ያስቆሙና ለተማሪዎቻቸው ያሳያሉ።

ለሀሚዳም ሥራዋ ትንሽ ተለወጠ። ከጋዝጊብላ የመጣች አንዲት ሴት ይዛው በመጣችው በር ላይ ጅብራ የሚባለውን የደጋ ተክል አስላ ሄደች፤ ሌላ የባጃጅ ሾፌር ደግሞ የአያቱን በግ ፎቶ ይዞ መጣ። ባለፈው ሳምንት ከሰሃላ አንድ ገበሬ የሙሽራ ሳጥን በአህያ ጭኖ መጥቶ ግቢ ውስጥ አወረደው።

«ክዳኑ ላይ ቆቅ እፈልጋለሁ» አላት። «ልጄ ታገባለች። እኛ ዘንድ ቆቅ ብዙ ነው፣ ለምዳዋለች።»

«ቆቅ በቅርብ አይቼ አላውቅም» አለችው ሀሚዳ። «ስጠጋው ይበራል።»

«እንግዲያማ ነይና እይው። መንገዱ በእግር ነው፣ ያደክማል። ግን ውኃና ጥላ አለ፤ የቤታችን ሴቶችም ደስ ይላቸዋል።»

ሀሚዳ አባቷን አየች። ዓሊዬ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ መነጽራቸውን ወልውለው «ጫማሽ ይሄ አይሆንም» አሉ። «ወንድምሽን የጎማውን ጫማ እንዲያወርድልሽ ንገሪው።»

በማግስቱ ሱብሒ ሰግዳ፣ የካርቶን ቁራጮቿን በፌስታል ጠቅልላ፣ ከገበሬውና ከባዶ አህያው ጋር ቁልቁለቱን ጀመረች። ሳጥኑ ግቢ ውስጥ ቀርቷል፤ ነጭ መሠረቱ ተቀብቶ እስክትመለስ ይደርቃል።