የማሪያማ ክፍልና የጊዮርጊስ ጽዋ

ልጆቼ፣ ላሊበላ ላይ ቤት መከራየት ቀላል እንዳይመስላችሁ። ገና ሲቃረብማ ተዉት፤ ክፍል ያለው ሁሉ ለሚመጣው ምእመን ብሎ ይይዘዋል።

ማሪያማ የመጣችው በመስከረም መጨረሻ ነው። አገሯ ሕንድ ነው፣ ወደ ደቡቡ፣ ኬረላ የሚሉት። ነርሶች ልታሠለጥን ተቀጥራ ነው የመጣችው። ቀደም ብላ ጎንደር ሠርታለችና አማርኛዋ ቢሰባበርም ይገባል። ደግሞ እንደኛው ኦርቶዶክስ ናት። የአባቷ ስም ቫርጊስ ነው፤ በእኛ አፍ ጊዮርጊስ ማለት ነው አለችኝ። ይኸን ከሰማሁ በኋላ እንዴት ብዬ ብቻዋን ቤት ፈልጊ ልበላት? አብሬያት ዞርኩ።

የመጀመሪያው ክፍል መስኮት የለውም። ሁለተኛው መስኮት አለው፣ ግን የሚከፈተው ወደ በጎች ጋጣ ነው፤ ገና ብቅ ስትል አንድ ሙክት ፊቷ ላይ አስነጠሰባት። ሦስተኛውን ወደደችው፣ ባለቤቱ ግን "እስከ ገና ብቻ" አለን። መሥሪያ ቤቷ ደግሞ ቤት ካላገኘሽ ወልድያ ተቀመጪ ብሏታል። እሷ ወልድያን አልፈለገችም።

"አባባ፣ እኔ ጠዋት ጠዋት ቤተ ጊዮርጊስ መሳለም ለመድኩ" አለችኝ። "ከዚህ አልሄድም።"

በመጨረሻ ጎረቤቴ ባንችይርጋ ዘንድ ወሰድኳት። ባንችይርጋ ልጇ ሰብሌ ቤይሩት ከሄደች ወዲህ ብቻዋን ነው የምትኖር። ከሳሎኗ ጎን ያለችውን ክፍል ታከራያለች። ክፍሏ አልጋና ጠረጴዛ ከገባባት ሰው ለመዞር ወደ ውጭ መውጣት አለበት። ወደ ሳሎኑ የሚያስገባ በር ነበራት፣ ባንችይርጋ ግን ትልቅ ቁም ሣጥን ገትራ ዘግታዋለች።

"አያ ፈንታው፣ ስለርስዎ ብዬ ነው የምሰጣት" አለች። "እንግዳ ግን አልፈልግም! የፊተኛው ተከራይ ጓደኞቹን ሰብስቦ ሲጨፍር በሬን ከነመቃኑ ነቅለውልኛል። ሰው የሰበሰበች ለት በማግስቱ ትወጣለች።"

"አገሯ ባሕር ማዶ ነው፤ ከየት አምጥታ ትሰበስባለች?" አልኳት። "እኔ ዋስ ነኝ።"

ማሪያማ ገባች። መጋረጃ ሰቀለች፣ የአባቷን ፎቶግራፍ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ጎን አቆመች። ባንችይርጋም በሦስተኛው ቀን "ጠረጓ ደህና ነው" አለችኝ። ከሷ አፍ ይኸ ትልቅ ምስጋና ነው።

ከዚያ ጥቅምት ጊዮርጊስ ደረሰ። በየወሩ በሃያ ሦስት የምንጠጣው ማኅበር አለን፤ ሙሴው፣ ማለት አለቃው፣ እኔ ነኝ። የዚያን ወር ተራው የእኔ ነበርና ማሪያማን ጠራኋት። በላች፣ ጠጣች፣ ከሴቶቹ ጋር ሳቀች። በስተመጨረሻ እንደ ወጉ የማኅበራችን ቄስ፣ ቄስ ኪዳን፣ ጸሎት አድርሰው ጽዋው፣ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነው ማሰሮ፣ መሐል ላይ ተቀመጠ። የሚቀጥለው ባለተራ ምናለ ነው። ምናለ ግን ላሙ ልትወልድ ነው ተብሎ ወጣ ብሏል። እስኪመለስ ማሰሮውን ጥግ ላስይዘው ብዬ ጎንበስ ስል ወገቤ ቀጭ አለ።

"አባባ፣ ተዉ! ልያዝልዎት!" ብላ ማሪያማ ብድግ አለች። ማሰሮውን በሁለት እጇ አቀፈችው።

ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ምን ያድርጉ፣ ጽዋ ከመሬት ሲነሣ እልል ማለት የለመደ አፍ ነው። ጽዋ ያነሣ ደግሞ ተቀበለ፤ ለሚቀጥለው ወር ማኅበርተኛውን ቤቱ ጠርቶ ያበላል፣ ያጠጣል። ማሪያማ እልልታው ስለ ጨዋነቷ መስሏት በፈገግታ ዙሪያዋን እጅ ነሣች።

"አባቴ፣ ሳታውቅ ነውኮ" አልኳቸው ቄሱን።

"እኛ አናውቅ ይሆናል፤ ጊዮርጊስ ያውቃል" አሉና ተነሥተው መረቋት።

ከጥግ ባንችይርጋ አየችኝ። እሷም ማኅበርተኛ ናት። አስተያየቷ ግን የማኅበርተኛ አልነበረም።

በማግስቱ ክፍሏ ሄጄ ነገሩን ለማሪያማ ነገርኳት። ደነገጠች።

"ስንት ሰው ነው?"

"ከሃያ አያንስም። ግዴለም፣ ልጄ፣ ለምናለ እናስተላልፈዋለን።"

ፎቶግራፉን አየችው። "አይ አባባ። በአባቴ ስም የተቀበልኩትን አልመልስም።"

"ባንችይርጋ ታስወጣሻለች።"

"እጠይቃቸዋለሁ።"

አብረን ሳሎን ገባን። ባንችይርጋ ከሰብሌ ጋር በስልክ እየተነጋገረች ነበር፤ ጆሮዋ ስለደከመ ድምፁን ለቃዋለች።

"እንግዳ አልፈልግም ብዬ፣ ሃያ ሰው ልትጠራብኝ ነው!" እያለች ትከሳለች።

ሰብሌ ወዲያ ማዶ በሳቅ ፈነዳች። "ውይ እማ! ሕንዷ ጽዋ አነሣች?" ሳቋ ሲበርድ ድምጿ ዝግ አለ። "እማ፣ እኔ እዚህ ክፍል ከገባሁ ሦስት ዓመቴ ነው። በሬን አንኳኩቶ ደህና ነሽ ወይ ያለኝ የለም። እሷ ሰው ብታገኝ አንቺን ምን ከፋሽ?"

ባንችይርጋ ስልኩን ዘጋችና ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ማሪያማ ዞረች።

"ምን ልታጠጫቸው አሰብሽ?"

"ለስላሳ እገዛለሁ፣ እትዬ። ሁለት ሳጥን።"

"ለስላሳ! ጊዮርጊስን በለስላሳ!" ባንችይርጋ እጇን ራሷ ላይ ጫነች። "ነይ፣ ነይ ወዲህ። ጌሾ ታውቂያለሽ? አታውቂም። እኔ እጠምቀዋለሁ፣ አንቺ ታዪኛለሽ።"

ኅዳር ሃያ ሦስት ጠዋት ደግሞ አስጠራችኝ። ቁም ሣጥኑ ፊት ቆማለች።

"አያ ፈንታው፣ ሰዉ እዚያች ክፍል ተጣብቆ ሊቀመጥ ነው እንዴ? ይኸን የሚገፋ ጎረምሳ ይፈልጉልኝ እንጂ።"

ተገፋ። በሩ ሲከፈት የማሪያማ ክፍልና ሳሎኑ አንድ ቤት ሆኑ። ዳቦው ተቆረሰ፣ ጠላው ተቀዳ። ጾም ነውና ማሪያማ በአገሯ ቅመም ምስርና ሩዝ ሠርታ አቀረበች። ቄስ ኪዳን አንዴ ጎርሰው ግንባራቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

"አባቴ፣ በዛብዎት?" አለች ማሪያማ።

"አልበዛም፣ ልጄ። ጊዮርጊስ ከዘንዶው ጋር ሲታገል ምን እንደተሰማው ዛሬ ገባኝ" አሉና ድጋሚ አስጨለፉ።

ጽዋውን ምናለ ወሰደ፣ በእልልታ ሸኘነው። ሰዉ ሲበተን እኔ እጅጌዬን ሰብስቤ ወደ ቁም ሣጥኑ ሄድኩ። በሩን እንደነበረ ልመልስላት ነው፤ ዋስ ነኝ አይደል።

"ይተዉት፣ ወገብዎን" አለች ባንችይርጋ።

"ልጆቹን ልጥራልሽ?"

"ይተዉት አልኩ እኮ!" ዕቃ ከምታጥበው ከማሪያማ ወዲያ ወደ ጠላው እንስራ አየች። "ነገ ጥንስሱን ማን አስተምሯት ይጨርሳል? በየደቂቃው በውጭ በኩል ዞሬ ልመጣ ነው?"

ቁም ሣጥኑ ይኸውና ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ቆሟል። ማሪያማን ፈልጋችሁ በሯን ብታንኳኩ፣ "ማነው?" የምትላችሁ ባንችይርጋ ናት።