የግራጫው ንብርብር ነዋሪ

የሚስቴ ታላቅ ወንድም ሳል ሲነሳበት ማዕድ ላይ ያለነው ሁሉ ማንኪያችንን አስቀምጠን እንጠብቀዋለን። እሱ ስሎ ሲጨርስ ወሬውን ካቆመበት ይቀጥላል፤ አንዲት ቃል እንኳ አትጠፋውም። ወሬው ሁልጊዜ ስለ ድንጋይ ነው። የሥነ ምድር ባለሙያ ነው፤ ዕድሜውን የፈጀው ጉድጓድ እያስቆፈረ፣ ከጉድጓዱ የወጣውን እያገላበጠ ነው። ቤታችን ውስጥ ሁሉም «ጋሼ» ይለዋል። በዕድሜ ብዙም ባይበልጠኝም እኔም ከልጆቼ ጋር አብሬ ጋሼ ማለት ለምዶብኛል።

እኔ የሳንባ ሐኪም ነኝ። ሳምንቱን ሙሉ የሰው ሳል ስሰማ እከርምና እሁድ ምሳዬ ላይም ይኸው ሳል ይጠብቀኛል።

«ይሄ ሳል አላማረኝም» እለዋለሁ።

«አቧራ ነው። አንተ ድንጋይ ቆርጠህ ታውቃለህ?»

«ክብደትህስ? ሱሪህ እኮ በቀበቶ ብቻ ነው የቆመው።»

ወደ ልጆቼ ዞሮ «ቀንቶብኛል» ይልና ሆዴን ያሳያቸዋል። እነሱ ይስቃሉ።

አንድ እሁድ ክዳን ያለው የአክታ ዕቃ ሰጠሁት። ጠዋት ምንም ሳይቀምስ ከደረቱ ስሎ እንዲተፋበት፣ እንደማንኛውም በሽተኛ ቁጭ አድርጌ አስረዳሁት። በሚቀጥለው እሁድ ዕቃውን በጥንቃቄ ተከድኖ መለሰልኝ። ስከፍተው ውስጡ አንዲት ቀይ ጠጠር አለች።

«መርምራት፤ እንደ እኔ ጤነኛ ናት» አለኝ።

ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። እኔ ተናደድኩ፤ ከልቤ ነው የተናደድኩት። ጠጠሯ ከነዕቃዋ ቢሮዬ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ በየእሁዱ ብለምነውም ብቆጣውም ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

ሚስቴ ማይክሮባዮሎጂስት ነች። እናትና አባታቸው ቀድመው ስላረፉ ያሳደጋት ጋሼ ነው። ጠዋት ጠዋት ፀጉሯን የሚጎነጉንላት እንኳ እሱ ነበር፤ እሷ እንደምትለው፣ ገመድ እንደሚገመድ አድርጎ። ጎልማሳ ሆና፣ የራሷን ላቦራቶሪ ይዛ፣ ተማሪዎቿ እየፈሯት እንኳ እሱ ፊት ልጅ ነች። እሱ ሲናገር አታቋርጠውም።

ዕድሜዋን በሙሉ የምትመራመረው አንድ ነገር ነው፤ የቲቢ ባክቴሪያ ሰው ሳንባ ውስጥ ከመግባቱ በፊት የት ይኖር ነበር? የእሷ እምነት፣ የጥንት ዘሩ ጭቃ ውስጥ ይኖር ነበር፣ ምናልባትም በአንድ ጥልቅ ንብርብር ውስጥ እስካሁን አለ የሚል ነው። ባልደረቦቿ ይህን ሲሰሙ በትሕትና ወሬ ይቀይራሉ። ያመናት ጋሼ ብቻ ነው። የደረቀ ሐይቅ አልጋ ላይ ለራሱ ሥራ ጉድጓድ ሲያስቆፍር ከየንብርብሩ ቁራጭ ሊያመጣላት ቃል ገባ።

ቁራጩ እንዴት እንደሚወሰድ እሷው አሠለጠነችው። ጓንት ይደረጋል፣ ማስክ ይደረጋል፣ መዶሻው በእሳት ይለበለባል፣ ከጉድጓድ የወጣው የድንጋይ ዘንግ ተሰብሮ ከመሀሉ ብቻ ይወሰዳል፣ ወዲያው በንጹሕ ፎይል ይጠቀለላል። ጋሼ ሥራ አክባሪ ነው፤ አንዷንም አላጓደለም።

ጉድጓዱ ከላይ ጥቁር ድንጋይ፣ ከታች ጠጠር፣ በመካከላቸው ግራጫ ንብርብር ነበረው። ቁራጮቹን ምግብ ባለባቸው ሳህኖች ላይ ዘርታ ባክቴሪያ የሚያድግበት የሙቀት ሣጥን ውስጥ አስቀመጠቻቸው። ከጥቁሩ ምንም አልበቀለም። ከጠጠሩም አልበቀለም። ከግራጫው ግን፣ ተስፋ ቆርጣ ሳህኖቹን ልትጥል ስትል፣ እንደ ዳቦ ፍርፋሪ ያለ ደረቅ ነገር ብቅ አለ። ሌላ ጉድጓድ ተቆፈረ፤ አሁንም ከግራጫው ብቻ ወጣ። ዘረመሉ ሌላ አገር ላለ ላቦራቶሪ ተልኮ መልስ መጣ፤ ከቲቢ ባክቴሪያ ጋር እጅግ ከመቀራረቡ የተነሳ በዚህ ምርመራ መለየት አልተቻለም የሚል። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ዐረፍተ ነገር ይደነግጥ ነበር። እሷ ዕድሜዋን የጠበቀችው እሱን ነበርና ልቧ ጮቤ ረገጠ።

ቀጥላ የቲቢ መድኃኒቶችን አንድ በአንድ ሞከረችበት። ከዋናዎቹ አንደኛው ፈጽሞ አልገደለውም። መድኃኒቱ ከመሠራቱ በፊት መድኃኒቱን የሚቋቋም ባክቴሪያ! በአንድ የምርምር ጉባኤ ላይ የምታደርገው ንግግር በሙሉ በዚህ ላይ ተሠራ።

እኔ እንደ ልማዴ ነገር አበላሽ ሆንኩ። «ከሰው ገብቶበት ቢሆንስ?» አልኳት።

መልሱን አዘጋጅታ ነበር የጠበቀችኝ። «ከሰው ቢሆን ግራጫውን ብቻ መርጦ ይገባል? እጁ አንድ፣ መዶሻው አንድ፣ ቀኑ አንድ። ጥቁሩ ንጹሕ፣ ጠጠሩ ንጹሕ! ላቦራቶሪ ውስጥ ያለነውም አንድ ሳንቀር ተመርምረን ነጻ ነን። ጋሼንም ጠይቄዋለሁ፤ በእጅህ ነክተኸዋል ወይ ብለው፣ ዐይኔን ግንባር ያድርገው ነው ያለኝ። ማስክ አድርጎ ነው የሚሠራው። አንተ ቀንተህ ነው።»

ጥቂት ቀንቼ ነበር፤ አልዋሽም። አሁን ነገሩን አንድ ላይ አድርጌ ስጽፈው የሚያነብ ሁሉ ቀድሞ ይደርስበት ይሆናል። ለእኛ ግን ሳሉ የእሁድ ነበር፤ ባክቴሪያው ደግሞ የሥራ ቀን ጉዳይ ነበር። በዚያ ላይ ያ የጥቁሩና የጠጠሩ ንጽሕና እንደ ግድግዳ በመካከላቸው ቆሟል።

ንግግሩ አንድ ቀን ሲቀረው፣ አዳራሹ ውስጥ የሚታይ አጭር ፊልም ያስፈልጋል ተባለና አንድ ካሜራ ያዥ ተላከ። እኔ ያን ቀን ሥራ ስላልነበረኝ መብራት እንድይዝ ተመለመልኩ። ቦታው የድንጋይ ዘንጎቹ የሚቀመጡበት ትልቅ የቆርቆሮ መጋዘን ነው። ዘንጎቹ በረጃጅም የእንጨት ሣጥኖች ተደርድረው ይተኛሉ። ጋሼ ጢሙን ተላጭቶ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ እንደ ሙሽራ ቆሟል። ምራቁን የዋጠ ሰው ካሜራ ሲያይ እንደዚህ መሆኑ አሳቀኝ።

ጓንቱን አደረገ። ማስኩን አደረገ። መዶሻውን ለበለበ። «ይሄ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ሕፃን ልጅ ያውቀዋል» ብሎ ሰበረና ጠቀለለ። ከታች ያለውን ጠጠርም እንዲሁ። ከዚያ ወደ ግራጫው መጣ። ሰበረው። ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው። ማስኩን በአንድ ጣቱ ወደ አገጩ ዝቅ አደረገ፤ አዲስ በተሰበረው ፊት ላይ ምላሱን አሳረፈ፤ ትንሽ ቆየ፤ ማስኩን መለሰ። «የእሳተ ገሞራ አመድ ነካ አድርጎታል፤ ግን ደለል ነው» አለና በፎይል ጠቀለለው።

«ጥሩ ነው፣ አንዴ ይደገምልን» አለ ካሜራ ያዡ።

ሚስቴን አየኋት። ፊቷ ላይ ደም የሚባል ነገር አልነበረም።

«ጋሼ፣ አሁን ምን አደረግህ?»

«ጠቀለልኩት።»

«ከዚያ በፊት?»

«ሰበርኩት።»

«በመሀል!»

ከልቡ አሰበ። «አየሁት» አለ። ከዚያ እጁ ቀስ ብሎ ወደ ማስኩ ሄደ፤ እዚያው ቀረ። «እንዴ... ይሄ እኮ መንካት አይባልም። ግራጫ ነገር ያሳስታል፣ በዐይን ብቻ አይለይም። ደለል ከሆነ ምላስ ይይዛል፣ አመድ ከሆነ ይሻክራል። ሁላችንም እንዲህ ነው የምናደርገው። በእጅህ ነክተኸዋል ወይ አልሽኝ፤ በእጄ አልነካሁም!»

«ጥቁሩንስ ልሰኸዋል?»

«ጥቁሩን ምን ሆኜ ልላሰው? አብጃለሁ?»

በዚህ አለቀ። ጋሼ የሚልሰው የተጠራጠረውን ብቻ ነው። ጥቁሩ ስላላጠራጠረው አልላሰውም፤ ጠጠሩንም እንዲሁ። ለሚስቴ ማስረጃ የሆናት የሁለቱ ንጽሕና ከእሱ እርግጠኝነት የመጣ ነበር።

እኔ መብራቱን እንደያዝኩ ቆሜያለሁ። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ንዴት ነበር። ስንት እሁድ የለመንኩትን አክታ ለኔ ከልክሎ ለድንጋይ ሰጥቶታል! በሽተኛዬ ሚስቴ ላቦራቶሪ ውስጥ፣ በሙቀት ሣጥን፣ ምግብ እየቀረበለት ከርሟል። ሁለተኛው ሐሳብ ሲመጣ ግን ንዴቱ ጠፋ። ያ መድኃኒት። ባክቴሪያው የጥንት አይደለም፤ ጋሼ ደረት ውስጥ ያለ ነው፤ መድኃኒቱም አይገድለውም። ፈራሁ። ሚስቴም እዚያው ሐሳብ ላይ ስትደርስ አየኋት፤ አንዱ ሣጥን ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች።

ካሜራ ያዡን ትንሽ እንዲያርፍ ብዬ አስወጣሁት።

«ሥራሽን አበላሸሁብሽ?» አላት ጋሼ። ስትስቅም ስታለቅስም የሚያውቃት እሱ ነው፤ አሁን ሁለቱንም አላደረገችም። ሲጨንቀው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚኝ። ይሄን ያየነው እኛ ነን። ካሜራ የያዘው ልጅ ምንም አልገባውም። ነገ ንግግርሽን አድርጊ። እኔ ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁትን እታከማለሁ። የኔ ሳል የትም አይሄድም።»

ከልቡ ነው ያለው። እሷም እንደ ልማዷ ሳታቋርጠው እስከ መጨረሻው ሰማችው። ከዚያ ቦርሳዋን ከፈተች፤ የናሙና ጠርሙስ አወጣች፤ ክዳኑን ፈትታ ዘረጋችለት።

«ጋሼ፣ ትፋ።»

«አንቺ ልጅ...»

«ውጭ ውጣና ትፋ አልኩህ!»

እሱን ስታዝ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ጠርሙሱን ተቀብሎ ወደ ጓሮ ወጣ። ጀርባውን ሰጥቶን ሲስል ትከሻው ምን ያህል እንደከሳ በሸሚዙ ላይ አየሁ።

የሆስፒታላችን ማሽን በዚያው ቀን ቲቢ ነው አለ። ማሽኑ የሚጠይቀው ስለ አንድ መድኃኒት ብቻ ነው፤ ባክቴሪያው የሚቋቋመውን ያኛውን ግን አያውቀውም። በእሱ ብቻ ብንሄድ ኖሮ የማይሠራ መድኃኒት እየዋጠ ይከርም ነበር። ስለ ሌሎቹ ለማወቅ ባክቴሪያው አድጎ መፈተን አለበት፤ ሳምንታት ይፈጃል። ለጋሼ ግን ሁሉም ተሠርቶ አልቋል፤ የጥንቱን ዘር አገኘሁ ብላ በደስታ የደከመችበት ሥራ በሙሉ የወንድሟ ምርመራ ነበር። ያንን መድኃኒት አውጥቼ በምትኩ ሌላ አስገባሁና ሕክምናውን ጀመርኩለት። ውጤቱ ከበሽተኛው ቀድሞ የደረሰልኝ ሰው እሱ ብቻ ነው። ኋላ የድንጋዩንና የአክታውን ባክቴሪያ ስታመሳክር አንድ ሆኑ። እኛና ልጆቹም ተመረመርን፤ ነጻ ወጣን።

ንግግሯን አልሰረዘችም። አዳራሹ ፊት ቆማ በግራጫው ንብርብር የተገኘው ባክቴሪያ ከሰው የገባ መሆኑን፣ ጥፋቱ የናሙና አወሳሰዱን አሟልታ ያላስተማረችው የእሷ መሆኑን ተናገረች። አንድ ሰው እጁን አውጥቶ በጓንትና በማስክ መካከል እንዴት ሊገባ እንደቻለ ጠየቀ።

«ተልሶ» አለች።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። በስተግራ የተቀመጡት የሥነ ምድር ሰዎች ብቻ አልሳቁም፤ ሁሉም የጫማቸውን ጫፍ ያዩ ነበር።

ቤት ስንደርስ መታጠቢያ ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፈተችው። ውሃው ለረጅም ጊዜ ፈሰሰ። ከደጅ ቆሜ ስሰማ ቆየሁ። ዕድሜዋን ሙሉ የጠበቀችው ነገር ነው ውሃ የበላው።

ጋሼ መድኃኒቱን እየተነጫነጨ ዋጠ። ሲሻለው ሱሪው ያለ ቀበቶ መቆም ጀመረ፤ ልጆቹ አሁን የእሱን ሆድ ያሳዩኛል። ወደ ሐይቁ አልጋ ሲመለስ አዲስ ጉድጓድ አስቆፍሮ ግራጫውን ይዞላት መጣ።

«ምላሴን ነክሼ ነው ያመጣሁት» አላት። «አመድ ይሁን ደለል እስካሁን አላወቅሁም። እንቅልፍ ነስቶኛል።»

ከዚያ ጭቃ ከእንግዲህ ምንም እንደማይወጣ ነግራው ነበር፤ እሱ ግን እንድትዘራው ለመናት። የሕክምናው ማብቂያም በዚያው ሰሞን ነበርና የመጨረሻ አክታውን ለእሷ ላክሁላት፤ ሌላ ሰው እንዲመረምረው አልፈቀደችም። ሁለቱ ሳህኖች፣ የግራጫውና የአክታው፣ አንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ገቡ።

ሳምንታት አለፉ። አንድ ቀን ከሥራ ላመጣት ላቦራቶሪዋ ስሄድ የሙቀት ሣጥኑን በር ወለል አድርጋ ከፍታ ቆማለች፤ ተማሪዎቿን የምትቆጣበት ጥፋት ነው። ቀረብኩና በትከሻዋ ላይ አየሁ። ሁለቱም ሳህኖች ላይ ፍርፋሪ የምታህል ነገር የለችም።

«ባዶ ነው» አለችኝ። ፊቷ በእንባ ርሷል።

የቱን እያየች እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ሙቀቱ እንዳያመልጥ በሩን ዘጋሁት።