ግድግዳው ላይ ያለው ባልታዛር

አዛዡ ባልታዛር በቡጢ አፍንጫዬን ሲለኝ ደሜ ካሜራዬ ላይ ተረጨ።

«ፎቶውን አውርጂው ኦሊንዳ፣ አለዚያ ዛሬ እገድልሻለሁ!»

በቫል ፔድራ እሳት አደጋ ጣቢያ ግድግዳ ላይ የመቶ ዓመት ታሪካችን በፎቶ ተሰቅሏል። ጠዋት የጨመርኩት፣ ከማዶ ሆኜ ያነሳሁትን የትናንቱን የባሕር ዛፍ ደን ቃጠሎ ፎቶ ነው። በፎቶው ላይ ባልደረባችን ኢሊዲዮ በእሳት ተይዞ እጁን ዘርግቷል፤ ባልታዛር የውሃ ቱቦውን ጥሎ ይሮጣል።

«አላወርድም!»

ፀጉሬን ጨምድዶ ከግድግዳው ጋር አጋጨኝ፤ ከዚያ መጥረቢያ አነሳ።

«ደንባችን ጠፍቶህ ነው?» አልኩት ደም እየተፋሁ። «እዚህ የተሰቀለ ፎቶ፣ ውስጡ ካሉት አንዱ እንኳ በሕይወት እስካለ አይወርድም። ያወጣው የገዛ አያትህ ነው።»

«ኢሊዲዮ እኮ ሞቷል!»

«አንተ ግን አለህ። ስትሞት እኔው ራሴ አወርደዋለሁ።»