ጋሽ ቆርቆሮ የጠፋ ዕለት

ቤተሰቡ «ጥድፊያ» የሚለው ያለ ነገር አይደለም። ሌላው ሰው የጫማውን ክር ሳያስር እሱ ወጥቶ ይመለሳል፤ የሚመለሰውም የረሳውን ነገር ሊወስድ ነው። ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። እጁ ወርቅ ነው፤ ዓይኑ ግን የጀመረውን መስመር ጨርሶ አያውቅም። ገና ያላለቀና «ለሙከራ ብቻ» ተብሎ የወጣ ነገር ካየማ እንቅልፍ የለውም።

ያን ቀን ጠዋት በሙከራ ላይ ያለውን አዲስ ስርዓተ ክወና፣ ኮምፒውተርን የሚያሠራውን ዋና ፕሮግራም ማለት ነው፣ በታላቅ እህቱ ኮምፒውተር ላይ ጫነው። ሊያስደስታት ነበር። እትዬ ዓይኖቿ ከልጅነቷ ጀምሮ አያዩም፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የመጀመሪያዋን የራሷን የሬዲዮ ዝግጅት በቀጥታ ልታስተላልፍ ነው። ጽሑፏን የሚያነብላት ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለ ድምፅ ነው፤ እሱ በጆሮዋ ሹክ ይላታል፣ እሷ በራሷ ለዛ ለአድማጭ ታወራለች። ድምፁ ደረቅ ስለሆነ «ጋሽ ቆርቆሮ» የሚል ስም አውጥታለታለች።

«እትዬ፣ ነይ ሞክሪው! እንደ መብረቅ ሆኖልሻል» አላት።

ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ጠበቀች፣ ጠበቀች።

«ጋሽ ቆርቆሮ የታለ?»

የለም። ወደ ኋላ ተመልሶ ሲያይ ኮምፒውተሩ አስጠንቅቆት ነበር፤ «ይህን ስርዓት ለመጫን የሚከተሉት ፕሮግራሞች ይወገዳሉ፤ ልቀጥል?» ይላል። ጥድፊያ «የሚከተሉት» ጋ ሳይደርስ «አዎ» የሚለውን ተጭኗል። ጋሽ ቆርቆሮም ከሚወገዱት መሃል ነበር።

«ችግር የለም፣ መልሼ እጭነዋለሁ» አለ።

ጋሽ ቆርቆሮን ልጫን ሲል ኮምፒውተሩ «መጀመሪያ የድምፁን የፕሮግራም ጥቅል አምጣ» አለው። እሱን ሲያመጣ «ይህማ የሚሠራው በአሮጌው ስርዓት ላይ ነው» ብሎ መለሰው። በግድ ልክተተው ሲል ጭራሽ ድምፅ የሚባል ነገር ከኮምፒውተሩ ጠፋ። ለአዲሱ ስርዓት የሚስማማ ጥቅል ገና አልተሠራም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ጥድፊያ ግን የሚለቅመውንም አጣ።

«አሮጌውን መመለስስ አይቻልም?» አለች።

«ይቻላል። ግን እስከ ማታ ይፈጃል።»

እትዬ ማዳመጫውን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ለዚህች ሰዓት ስንት ዓመት ደጅ ስትጠና ኖራለች። ዛሬ ከቀረች ጣቢያው ሰዓቷን ለሌላ ይሰጥባታል። ጥድፊያ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ድንገት ግን እህቱ ሳቋ አመለጣት።

«የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል! በል ጫማህን አድርግ። ጋሽ ቆርቆሮን ያጠፋኸው አንተ ነህ፤ ዛሬ ጋሽ ቆርቆሮ አንተ ነህ።»

«እኔ?»

«ማንበብ ትችል የለ? በጆሮዬ ታነብልኛለህ። አንዲት መስመር ብትዘል ግን ወየውልህ!»

መዝለል የሚለው ቃል የቆየ ጥፋቱን አስታወሰው። ልጆች ሳሉ የተረት መጽሐፍ የሚያነብላት እሱ ነበር፤ ጓደኞቹ ለኳስ ሲጠሩት ግን ሁለት ሦስት ገጽ እየዘለለ ይገላገላት ነበር። አላወቀችብኝም ብሎ እስከ ዛሬ ኖሯል።

ስቱዲዮው ግድግዳው በስፖንጅ የተለበጠ ጠባብ ክፍል ነው። እሷ ማይክ ፊት ተቀመጠች፤ እሱ ከመስታወቱ ማዶ፣ ከድምፅ ባለሙያው አጠገብ፣ ጽሑፏን ይዞ በማዳመጫዋ በኩል ያነብላታል። ስርጭቱ መጀመሩን የምታሳየው ቀይ መብራት በራች። እውነተኛው ጋሽ ቆርቆሮ በጣም ፈጣን ነበርና እትዬ ገና ከጅምሩ እጇን አወዛወዘች፤ ፍጠን ማለቷ ነው። ጥድፊያ በዕድሜው ፍጠን ሲባል ይህ የመጀመሪያው ነበር።

አፉ ተፍታታለት። እሷም እየሳቀች፣ እያዋዛች ሄደች። እሱ ግን መሃል ላይ ቀጥ አለ፤ ዓይኑ ቀድሞት ወደ ታች ወርዶ ስለ ራሱ የተጻፈ አንቀጽ አይቶ ነበር። ባለሙያው ዞሮ አየው። አየሩ ላይ ዝምታ ሆነ። እትዬ እጇን አወዛወዘች።

ያን አንቀጽ ቢዘለው ከእሷ በቀር ማን ያውቅበታል? ወደ መስመሩ ተመልሶ፣ አንድም ቃል ሳያስቀር አነበበላት። እሷም ከአፉ እየተቀበለች ለአድማጮቿ ነገረች፦

«ልጅ ሳለሁ ታናሽ ወንድሜ ተረት ያነብልኝ ነበር። ኳስ ሲያምረው ገጽ ይዘላል። እነቃበት ነበር፤ አልተናገርኩትም። እሱ ሮጦ ሲወጣ እኔ ቁጭ ብዬ የዘለላቸውን ገጾች ከልቤ እሞላቸዋለሁ። ተረት መፍጠር የተማርኩት እንዲያ ነው።»

ጥድፊያ እንባውን በእጅጌው ጠርጎ ቀጣዩን መስመር ፈለገ። እትዬ ግን አልጠበቀችውም። ፊቷን ወደ መስታወቱ አዙራ፣ ጽሑፏ ላይ የሌለ ነገር ጨመረች።

«ዛሬ ግን» አለች፣ «አንድም አልዘለለብኝም።»